ማዱሮዳም፦ በአትክልት ሥፍራ የቆመ መታሰቢያ

በአትክልት ሥፍራ ድንክዬ ባቡር መዘርጋት በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የባለጸጎች መዝናኛ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1929 የለንደኑ የሒሳብ ባለሙያ ሮላንድ ካሊንግሃም በቢከንስፊልድ የቆረቆረው ቤኮንስኮት የተባለ ድንክዬ መንደርም ጅምሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። (ስሙ የሚጠራው የባለቤቱ ይሁን እንጂ፣ አትክልተኛውና የቤቱ ሠራተኞች በግንባታው ላይ የነበራቸው ድርሻ ቀላል አይደለም።) ሆኖም መንደሩና በመካከሉ የሚመላለሰው ባቡር ለሕዝብ ክፍት ሆነ፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ዋለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሆላንድ የተሻገረው ይኸው አርአያ ነው።

በላረን ከተማ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ተማሪዎች እየታከሙ ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ሳናቶሪየም ነበር። ለዚህ ተቋም ቋሚ ገቢ ይሹ የነበሩት ወይዘሮ ቦን ፋን ደር ስታርፕ የቤኮንስኮትን ሐሳብ ይዘው ተነሡ። የመነሻውን ገንዘብ የሰጡት የጆርጅ ማዱሮ ወላጆች ናቸው። ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1916 በኩራሳዎ ደሴት ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በላይደን ሕግ ይማር የነበረ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ናዚዎች ሆላንድን ሲወርሩ በተጠባባቂ መኮንንነት ተዋጋ፤ በኋላም ከኅቡዕ ታጋዮች ጎን ተሰልፎ በጠላት እጅ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 በዳኻው ማጎሪያ ካምፕ በተስቦ በሽታ አረፈ። ካምፑ ነጻ የወጣው ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ ነበር።

ወላጆቹ ለልጃቸው የመረጡት መታሰቢያ ከዕብነ በረድ የተጠረበ ሐውልት ሳይሆን ባቡር የሚሮጥበት ድንክዬ ከተማ ሆነ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ሲቤ ያን ቦውማ የነደፈው ማዱሮዳም እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1952 በዘ ሔግ ተከፈተ። እዚያ ማንኛውም ነገር ከእውነተኛው 25 ጊዜ ያንሳል። 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መደበኛ ሐዲድ በዚህ ልክ ሲሰላ ወደ 57 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ የ10 ሜትር ዛፍም ከ40 ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤትና ባቡር በልክ ይቀነሳሉ፤ ፀሐይ፣ ዝናብና ውርጭ ግን አይቀነሱም። ለእውነተኛው ባቡር ከቁም ነገር የማይገባ አንድ የረገፈ ቅጠል ድንክዬውን ያቆመዋል። 10 ሜትር የናስ ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ በመገጣጠሚያው ክፍተት ካልተተወለት ይጎብጣል። ከሥሩ ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር ካልተነጠፈ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ የቀረው ውኃ በብርድ ወራት በረዶ ሆኖ መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ዛፎቹም ሕያዋን ናቸው፤ መቀስ ካልጎበኛቸው ጣቢያውን ይውጡታል።

የማዱሮዳም ሕንፃዎች ቅጂዎች እንጂ ፈጠራዎች አይደሉም የሚል ሒስ ቢነሣ ሐሰት አይሆንም። የሥራው ክብደት ግን በሌላ በኩል ነው፤ ሐውልት አንድ ጊዜ ተመርቆ ሊተው ይችላል፣ ይህ ግን ሠራተኛ በየዕለቱ እጁን ካላሳረፈበት በጥቂት ዓመታት ይፈርሳል።

የሳንባ ነቀርሳ በመድኃኒት ከተሸነፈ በኋላ ገንዘቡ ወደ ሌሎች የወጣቶች ጉዳዮች ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከሕንፃዎቹ መካከል ጆርጅ የተወለደበት የኩራሳዎ ቤት አምሳያ ተጨመረ።