የመምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች የአእምሮ ደኅንነት በደቡብ ጎንደር ዞን

በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች የሚያገለግሉ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ባለፉት ዓመታት ከመደበኛው የሥራ ጫና ያለፈ ሸክም ተሸክመዋል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጋይንት ዘልቆ ነፋስ መውጫ ከተማን ያዳረሰ ሲሆን፣ በዚያው ወር በደብረ ታቦር ላይ በወደቀ ከባድ መሣሪያ ሰላማዊ ዜጎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው የፀጥታ ችግርም በርካታ ትምህርት ቤቶችን ከመማር ማስተማር ሥራ አስተጓጉሏል። መምህሩ የራሱን ሐዘን እንደያዘ ሐዘን ያገኛቸውን ልጆች እንዲያስተምር የተጠበቀው በዚህ ሁሉ መካከል ነው።

ከረዥም የሥራ ጫና የሚመጣው መዛል በዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ተብሎ ተመዝግቧል። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ የሌለው መስሎ መታየት። ተማሪዎቹን በስም ይጠራ የነበረ መምህር ስማቸውን ለማወቅ ግድ ማጣቱ፣ ወይም በጥቃቅን ጥፋት መቆጣቱ ቀድሞ የሚታይ ምልክት ሊሆን ይችላል። የድባቴ ስሜት፣ እንቅልፍ ማጣትና ከሰው መሸሽ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩና የዕለት ተግባርን ካስተጓጎሉ ጉዳዩ የጤና ባለሙያ ምርመራ የሚሻ ነው።

ለዕለት ተዕለት ጭንቀት ሐሳብን የመሰብሰብ ልምምድ ይረዳል። ትርጉሙ አእምሮን ባዶ ማድረግ ሳይሆን፣ አሁን የሚሆነውን ሳይፈርዱ ልብ ማለት ነው። ወደ ክፍል ከመግባት አስቀድሞ ሁለት ደቂቃ ቆሞ እግር መሬቱን ሲረግጥ ማስተዋል፣ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣት፣ የጠዋቱን ቅዝቃዜ በፊት ላይ፣ የጠመኔውን ሻካራነት በጣት ላይ ልብ ማለት በቂ ነው። ሐሳብ ሲበተን ያለ ቁጣ መመለስ ራሱ የልምምዱ አካል ነው። አሰቃቂ ነገር ያዩ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቀመጡ ትውስታው ሊያገረሽባቸው ስለሚችል ዓይናቸውን ገልጠው፣ አካባቢያቸውን እያዩ ቢለማመዱ ይመረጣል፤ ጭንቀቱ ከጨመረም ማቋረጥ ይገባል።

ይሁን እንጂ ትንፋሽን መቆጣጠር የዘገየ ደመወዝን አይተካም፤ የመንገድ ሥጋትንም አያስወግድም። ስለዚህ ኃላፊነቱን በመምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይሆንም። ርዕሰ መምህሩ አላስፈላጊ ስብሰባንና ተደጋጋሚ ሪፖርትን መቀነስ፣ የተጎዳ ባልደረባን ክፍለ ጊዜ በተራ ማሸፈን፣ የተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ጊዜ ከፊሉን ለመመካከር መስጠት ይችላል። ችግሩን የነገረውን ሰው ሳያቋርጡ ማድመጥ፣ ዝርዝሩን እንዲተርክ አለማስገደድና ምሥጢሩን መጠበቅ ግዴታ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከቡና ጋር የሚደረግ ጨዋታ በየትኛውም መመሪያ ባይጻፍም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አመራሩ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረው ሰው የለውም፤ በጉድኝት ማዕከል የሚገናኙ ርዕሳነ መምህራን እርስ በርስ ቢደጋገፉ ይህን ክፍተት ያጠባል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ከአጠቃላይ ሕክምና ጋር የሚያቀናጅ መርሐ ግብር ተግባራዊ እያደረገች ስለሆነ፣ አገልግሎት ፈላጊዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላሉ። ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በሪፈር ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ከፍ ያለ ክትትል ሲያስፈልግም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካሉ። ወደ ጸበል የሚሄዱ ታካሚዎች ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ማቋረጥ የለባቸውም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። የሕመም ፈቃድ የሚያስፈልገው መምህር የሐኪም ማስረጃውን ለትምህርት ቤቱ ያቀርባል፤ የአእምሮ ሕመም እንደማንኛውም ሕመም የሚታይ ነው።

ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የገለጸ ሰው ለአንድ አፍታም ብቻውን ሊተው አይገባም። ገመድ፣ ፀረ ተባይ መርዝና የጦር መሣሪያ ከአጠገቡ ርቀው፣ ሪፈር ሳይጠበቅ የሚያምነው ሰው አብሮት ሆኖ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሊወሰድ ይገባል።