ሴክተር ሪቪው፦ ወላጅና መምህር ያልተመከሩበት የትምህርት ዕቅድ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ውስጥ መምህራንን ከክፍል ያስወጣ፣ ወላጆችን ከልጆቻቸው ጎን ያሰለፈ፣ ውሎ አድሮም ዘውዳዊውን ሥርዓት ካናጉት ጉዳዮች እንደ አንዱ የተቆጠረ ዕቅድ ቢኖር በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር የከተማውን ሕዝብ ያስቆጣው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ነው። የጥናቱ ሰነድ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለነበር ሕዝቡ ያወቀው «ሴክተር ሪቪው» በሚለው ስሙ ሲሆን፣ ስሙም ከቤንዚን ዋጋ መናርና ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ የሚነሣ የብሶት ቃል ሆኖ ነበር። ስለ አብዮቱ በሚጻፉ መጻሕፍት ሴክተር ሪቪው ብዙውን ጊዜ ከመነሻ ምክንያቶቹ እንደ አንዱ ተጠቅሶ ይታለፋል፤ ዕቅዱ ለየትኛው ችግር መልስ ሆኖ እንደቀረበና ወላጅና መምህር ስለምን እንደጠሉት ግን በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ያ ችግር ዛሬም በየቤቱና በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ የሚያከራክር ሆኖ ቀጥሏል።

የዕቅዱን ዕጣ ለመረዳት ወላጅና ትምህርት ቤት የነበራቸውን ግንኙነት ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ትምህርት የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በነበረባቸው አካባቢዎች ልጅ ከደብሩ አጠገብ የኔታ ዘንድ፣ ማለትም ፊደል ከሚያስቆጥረው መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ከዚያም ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆችም እንደ ዐቅማቸው ደግሰው ደስታቸውን ይገልጻሉ። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድም የቁርኣን ቤት ተመሳሳይ ቦታ ነበረው። በሁለቱም ዘንድ ወላጅ ልጁ የሚማረው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚደርስና ምን እንደሚያደርገው ያውቅ ነበር፤ መምህሩም የሚያውቀው ጎረቤት እንጂ ከሩቅ የተላከ ሹም አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ይህን ግንኙነት ለወጠው። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ቅብጦች፣ ትምህርቱም በአብዛኛው የአውሮፓ ቋንቋ ስለነበር ብዙው ወላጅ ልጁን ለመላክ ያመነታ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከትምህርት ቤቱ መከፈት ጥቂት ቀደም ብሎ ባስነገሩት ዐዋጅ ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት ያለፈ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዲላኩ አዝዘው፣ ልጁን ሳያስተምር የሚሞት ወላጅ ሀብቱ ለልጁ ሳይሆን ለመንግሥት እንደሚሆን አስጠንቅቀው ነበር። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በኋላም ለሴቶች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲቋቋም ማመንታቱ እየቀነሰ ሄደ፤ ይሁንና ወላጅን ፈጽሞ የለወጠው ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣው ዘመን ነው። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት እንደ አዲስ ሲደራጅ ማንበብና መጻፍ፣ በተለይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለግ ስለነበር፣ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ሳይቀር ሥራ የሚያገኝበት ጊዜ ሆነ። ቀድሞ ወላጅ እንዲልክ ይለመንና ይዛትበት የነበረው ትምህርት ቤት አሁን ወላጅ ደጅ የሚጠናበት ሆነ።

ይህ ለውጥ በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ቤተሰብ ኑሮ ውስጥ የነበረው መልክ በቅርብ መታየት ያለበት ነው፤ ዕቅድ አውጪዎቹ ያላዩትም ይህንኑ ነበርና። መንደሩ ትምህርት ቤት ካለው ልጁ እዚያው ይጀምራል፤ ከፍ ያለው ክፍል ግን የሚገኘው በወረዳው ወይም በአውራጃው ከተማ ስለሆነ ሁለት ሦስት ልጆች ተዳብለው ቤት ይከራያሉ፣ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘው እሑድ ይመለሳሉ። እስከ ስድስተኛ ክፍል መጨረሻ በአማርኛ የተማሩት ሁሉ በሰባተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። በስምንተኛ ክፍል «ሚኒስትሪ» የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና፣ በ12ኛ ክፍል ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያበቃውና ሕዝቡ «ማትሪክ» የሚለው ፈተና ይጠብቃቸዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ ባይኖርም አባት ከእርሻው አንድ ጉልበት ያጣል፣ እናት ስንቅ ታሰናዳለች፣ አንዳንዴም ከብት ይሸጣል፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው ከልጆቹ አንዱ ደመወዝተኛ ሲሆን ታናናሾቹን እየተቀበለ ያስተምራል በሚል ተስፋ ነው። ብዙ ጊዜም ተስፋው የሚፈጸመው ልጁ ከመምህራን ማሠልጠኛ፣ ከሐረር ወይም ከደብረ ብርሃን፣ ተመርቆ መምህር ሲሆን ነበር። እንግዲህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የአንደኛ ደረጃ መምህር በአብዛኛው የዚያ መሰላል ውጤት ነበር፤ ወንድሙንና እኅቱን በደመወዙ የሚያስተምር፣ የወላጅን ስጋት በራሱ ቤት የሚያውቅ ሰው ነበር።

መሰላሉ ግን ጠባብ ነበር። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ ሲወስን ኢትዮጵያ ከግቡ እጅግ ከራቁት አገሮች መካከል ነበረች፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱት ሕፃናት ትምህርት ቤት የገባው ከአምስቱ አንዱ እንኳ አልሞላም። ያለውም ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ፣ በኤርትራና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች የተከማቸ ሲሆን፣ የገጠሩ ሕፃን፣ ይልቁንም ሴት ልጅ፣ ከቁጥር የገባች አልነበረችም። በሌላ በኩል ማትሪክ የወደቀውና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይደርስ ያቋረጠው ወጣት በየከተማው እየበዛ መጣ፤ መሥሪያ ቤቶች እንደ ቀድሞው አይቀጥሩትም፣ ወደ እርሻም ለመመለስ ትምህርቱ አላዘጋጀውም።

መንግሥት ከዓለም ባንክ ጋር በመስማማት በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ያስጀመረው ጥናት ለዚህ ሁሉ መፍትሔ እንዲያመጣ የታሰበ ነበር። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና የውጭ አገር አማካሪዎች በየርእሱ ተከፋፍለው ሠርተው ሪፖርታቸውን በዚያው ዓመት መጨረሻ አቀረቡ። ዋና ሐሳቡ በጥቂት ቃል ሲገለጽ እንዲህ ነበር፦ በአገሪቱ በጀት ለሁሉም ሕፃን ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ማስተማር ስለማይቻል፣ በመጀመሪያ ከእርሻ፣ ከጤናና ከዕለት ኑሮ ጋር የተያያዘ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም ይዳረስ፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ወጣቶች ደግሞ ከዚያ ያጠረ የሁለት ዓመት ትምህርት ይሰጥ፤ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያለው ትምህርት ግን እንደ አገሪቱ የሰው ኃይል ፍላጎት ተመጥኖ ለጥቂቶች ይሁን።

ይህን ሐሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፉ ነበር ማለት ለታሪክ ታማኝ መሆን አይደለም። ትምህርት ቤት አይተው ለማያውቁት ሚሊዮኖች የገጠር ሕፃናት አራት ዓመት ከምንም ይሻል ነበር፤ ትምህርቱ ከአካባቢው ኑሮ ጋር ይገናኝ የሚለውም አሳብ ከዚያ በኋላ የመጣ መንግሥት ሁሉ በየራሱ ቋንቋ የደገመው ነው። ጉድለቱ የነበረው ሒሳቡ የአንድ ወገን መሆኑ ላይ ነው። ዕቅዱ ትምህርት ቤት ያልገባውን ሕፃን ሲቆጥር፣ አንድ ልጁን በብዙ መከራ አምስተኛ ክፍል ያደረሰውን ወላጅ አልቆጠረም። ለዚያ ወላጅ አራተኛ ክፍል ላይ የሚቆም ትምህርት ልጁን ወደ ተነሣበት እርሻ የሚመልስ ነበር፤ እርሻውም የባለርስት በሆነበት፣ ጭሰኛው ከምርቱ ግማሹን ወይም ሲሶውን ለባለመሬት በሚያስረክብበት አገር ለእርሻ የሚያዘጋጅ ትምህርት ማለት ልጁን ለጭሰኝነት ማዘጋጀት መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። የትምህርት ማሻሻያው የመሬቱን ጥያቄ ሳይነካ ብቻውን የቆመ መሆኑ ከሁሉ የከፋው ድክመቱ ነበር። የባለሥልጣንና የባለሀብት ልጅ ደግሞ በግል ትምህርት ቤት ወይም በውጭ አገር መንገዱ እንደማይዘጋበት ሁሉም ያውቅ ነበር።

ነገሩን ያባባሰው ዝምታው ነው። ሪፖርቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ለሕዝብ በስፋት ሳይገለጽ ቆየ። ሥራ ላይ የሚያውሉት መምህራን ዝርዝሩን በጊዜው አላገኙትም፤ ወላጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሰነድ ቢያገኘውም አያነበውም ነበር። ስለዚህ ዕቅዱ ወደ ሕዝቡ የደረሰው በወሬ ነው፤ በየቤቱ የተነገረውም የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም የሚል ነበር። መምህራኑ ደግሞ ቀድሞም ከደመወዝና ከዕድገት ጋር የተያያዘ የቆየ ቅሬታ ስለነበራቸው፣ አዲሱ አደረጃጀት የሥራ ሁኔታቸውን ይበልጥ እንዳያከፋው ሰጉ።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሰኞ መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም የነዳጅ ዋጋ ጭማሪን ተቃውመው መኪኖቻቸውን አቆሙ፤ ተማሪዎች ወደ ጎዳና ወጡ፤ የወሎ ረሀብ ያሳዘነውና የኑሮ ውድነት ያስመረረው የከተማ ሕዝብም ተቀላቀለ። ከጥር ወር ጀምሮ በነገሌ ቦረና የተነሣው የወታደሮች ዐመፅ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች እየተዛመተ ስለነበር መንግሥት በሁለት በኩል ተወጠረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የነዳጅ ዋጋ መቀነሱና ሴክተር ሪቪው ለጊዜው መቆሙ ተነገረ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ለጊዜው ቆመ የተባለው ዕቅድም ዳግመኛ ሳይነሣ ቀረ።

ተከታዮቹ መንግሥታት ስሙን ቢሸሹትም ጥያቄውን ሊሸሹት አልቻሉም። ከአብዮቱ በኋላ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊው ደርግ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍን ወደ ገጠር አወጣ፤ በአንደኛ ደረጃ የሚማሩት ሕፃናት ቁጥርም በብዙ እጥፍ አደገ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎችን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ፣ ተማሪዎችን ከ10ኛ ክፍል በኋላ በፈተና ለየ፤ ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ። በዚህ አከፋፈል ምክንያት የእጅ ሙያ ትምህርት የወዳቂ ማረፊያ ተደርጎ በወላጅ አእምሮ መቀረጹ አገሪቱን ብዙ ጥሩ ባለሙያ አሳጥቷታል። በሂደት መለያው ፈተና ከ10ኛ ክፍል ተነሥቶ ወደ 12ኛ ክፍል ተሻገረ።

የዛሬው ክርክር ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በዚህ ቦታ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ነበር። ፈተናው የተደበቀውን ገመና ማሳየቱ ተገቢ ነው። ሆኖም «ሪሚዲያል» በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ከሚታቀፉት ውጪ የሚቀሩት መቶ ሺዎች ወዴት ይሂዱ የሚለው ጥያቄ በ1964 ዓ.ም. ዕቅድ አውጪዎች ጠረጴዛ ላይ የነበረው ጥያቄ ነው። ልዩነቱ የመቆሚያው ክፍል ከፍ ማለቱ ነው፤ የወላጁ ድካምም በዚያው ልክ ረዝሟል።

በ1966 ዓ.ም. ያልነበረ አንድ ነገር ግን ዛሬ አለ። በአብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ «ወተመህ»፣ ተቋቁሟል። የኅብረቱ ስብሰባ በብዙ ቦታ የሚጠራው ለአጥር ማሠሪያ፣ ለወንበር መጠገኛ ወይም ለመዋጮ ነው፤ ስለ መማሪያ መጽሐፉ፣ ስለ ማስተማሪያ ቋንቋውና ስለ ፈተናው ሐሳቡን የሚጠይቀው የለም ማለት ይቻላል። የትምህርት ባለሥልጣናት የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ከማወጃቸው በፊት ረቂቁን ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ አዘጋጅተው ለዚህ ኅብረት ያቅርቡ፤ መምህራንም ክፍል ውስጥ የሚያዩትን ችግር በጽሑፍ ይዘው ይምጡ፤ ወላጆችም ስብሰባው ስለ መዋጮ ብቻ ሲሆን የልጆቻቸው ትምህርት በአጀንዳው ላይ እንዲያዝ ይጠይቁ።