ኢቤይና የወቀሳ ፍርሃት

ከንግድ ታሪክ ደጋግሜ የማነሳት አንዲት ነገር አለች። ፒየር ኦሚድያር በ1995 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ኋላ ኢቤይ የተባለውን የኢንተርኔት ጨረታ ከፈተ። ታዲያ የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት ይተማመኑ? በ1996 ገዢና ሻጭ አንዱ ስለሌላው ምስጋና ወይም ወቀሳ በይፋ እንዲጽፉ አደረገ። መብቱ እኩል ነው፤ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ብዙ ገዢ «ብወቅሰው መልሶ ይወቅሰኛል» ብሎ ዝም አለ። በ2008 ኢቤይ ሻጮች ገዢን እንዳይወቅሱ ከለከለ፤ የማይከፍለውን ግን ለድርጅቱ ማመልከት ይችላሉ። ሻጮች «አድልዎ ነው» ብለው ጮኹ። እኔ ግን ኢቤይ ልክ ነበር እላለሁ፤ እውነቱን የሚናገር ሰው ከበቀል ካልተጠበቀ መተማመን የለም። እኛስ መምህራኖቻችንን ስማችንን ሳንጽፍ የገመገምነው ያለ ምክንያት ነው እንዴ?