መዝገቡ የማይቆጥራቸው፦ ዓይነታዊ ምርምር በደቡብ ጎንደር የጤና ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ የሚከተለው አንድ ጥያቄ ነው፤ በጤና ጥናት ውስጥ የሰው ቃል ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው? ጥያቄውን በንድፈ ሐሳብ ብቻ ማንሣት ይቻል ነበር። እኔ ግን የታሪክ ሰው እንደ መሆኔ፣ ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው በሊቦ ከምከም ወረዳ የደረሰውን ወረርሽኝ መነሻ አድርጌዋለሁ።

ካላዛር ለረጅም ጊዜ የቆላ በሽታ ተደርጎ ይታወቅ ነበር፤ የመተማና የሁመራ፣ ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወርዱ የጉልበት ሠራተኞች በሽታ። በመሆኑም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው የሊቦ ከምከም ቀበሌዎች ሰዎች እየተኮሱ፣ እየከሱ፣ ጣፊያቸው እያበጠ ሲመጡ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነበር። በሽታው ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ነው። ወረርሽኙ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ቢያንስ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ ሲስፋፋ ቆይቷል። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፈተ። ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2005 እስከ ታኅሣሥ 2007 የተያዘው የማዕከሉ መዝገብ በኋላ ተተንትኖ ታትሟል። የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነበር፤ 77.6 በመቶው ወንዶች ነበሩ፤ ከመቶ አራቱ ሞተዋል፤ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ከሆናቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ድካም የተከፈለባቸው ናቸው፤ ያለ እነርሱ ስለ ወረርሽኙ በእርግጠኝነት የምንናገረው ጥቂት በሆነ ነበር።

ነገር ግን መዝገብ የሚቆጥረው ደጁ የደረሰውን ነው። 77.6 በመቶ የሚለውን አኃዝ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ታሪኮች ሊወልዱት ይችላሉ። አንደኛው፣ ወንዶች ከብት ሲጠብቁና ሰብል ሲያድሩ ውጭ ስለሚተኙ የአሸዋ ዝንቧ ይበልጥ ትነድፋቸዋለች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሴት ልጅ ስትታመም ቤተሰቡ ለመንገድና ለስንቅ የሚያወጣው ስለሚያጣ፣ ወይም ቤቱን የሚይዝ ሰው ስለማይገኝ፣ ማዕከሉ ሳትደርስ ትቀራለች የሚል ነው። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ መፍትሔው አጎበርና ዝንቧን መከላከል ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ መጓጓዣና የቤተሰብ ውሳኔ ነው። ሁለቱም በከፊል እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የመዝገቡ ገጽ ብቻውን ግን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ወደ ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። ዓይነታዊ ምርምር የምንለው ሥራ በቁጥር ላይ የሚደረብ ጌጥ ሳይሆን ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ ውሻ ማርባት፣ ቀን ከግራር ሥር መተኛትና ሌሊት ውጭ ማደር ከበሽታው ጋር መያያዛቸውን አሳይቷል። ግኝቱ ዋጋ ያለው ነው። «ውጭ አትደሩ» የሚለው ምክር ግን ማሳው በዝንጀሮና በአሳማ ለሚጠፋበት ገበሬ ምን ትርጉም አለው? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ራሱ ገበሬው ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም፣ ባለሙያዎቹን ከሆስፒታል ግቢ አውጥቶ ወደ ገጠሩ ለማድረስ ነበር። በዚያው ዘመን ሳይመን ሜሲንግ የጎንደርን የዛር ማኅበር አጥንቶ፣ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ማኅበሩ እንደ ቡድን ሕክምና የሚያገለግል መሆኑን አስረድቷል። አለን ያንግ ደግሞ የበጌምድርን አማሮች የሕክምና እምነትና ልማድ አጥንቶ በ1970 የዶክትሬት ድርሳኑን አቀረበ፤ የሕመምን ምክንያት ከአካል ውስጥ ይልቅ ከአካል ውጭ፣ ማለትም ከሕመሙ በፊት በተፈጸሙ ነገሮችና ግንኙነቶች፣ የሚፈልግ አስተሳሰብ መኖሩን አብራርቷል። እነዚህን ሥራዎች ስናነብ ማን አስተረጎመ፣ ማን ተጠየቀ፣ ማንስ ዝም አለ ብለን መመርመር ይገባናል።

ይህም ወደ ምዘና ያደርሰናል። ሊንከንና ጉባ እ.ኤ.አ. በ1985 ለዓይነታዊ ምርምር የራሱ መለኪያዎች እንዲኖሩት ሐሳብ አቅርበዋል፤ ተአማኒነት፣ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሳጅነት፣ ወጥነትና ከአጥኚው ፍላጎት ነጻ መሆን። በ2007 ደግሞ ባለ 32 ነጥብ የሪፖርት መመሪያ ወጣ። መመሪያውን መሙላት ቀላል ነው፤ በእኛ አገር ግን ከባዱ ፈተና ሌላ ነው።

አንደኛው ይሉኝታ ነው። ጋዋን ለብሶ የመጣን ሰው «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መሸኘት ጨዋነት ነው፤ ለአጥኚው ግን የመጀመሪያው መልስ ገና ሰሙ ነው፤ ወርቁን ለማግኘት መመላለስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ትርጉም ነው። ተጠያቂው «ንዳድ» ሲል አጥኚው «ወባ» ብሎ ከጻፈ፣ በሊቦ ከምከም የተፈጸመውን ስሕተት በወረቀት ላይ ደገመው ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ እንደ ተነገረ በአማርኛ ተጽፎ ይቀመጥ። ሦስተኛው ልክን ማወቅ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ያነጋገረ አጥኚ «አብዛኛው ሕዝብ» ሊል አይችልም፤ «እንዲህ የሚሆንበት መንገድ አለ» ሊል ግን ይችላል። ከድምዳሜው ጋር የማይስማማውን ተጠያቂም አብሮ ያቅርብ፤ ጽሑፉን ስመዝን አስቀድሜ የምፈልገው ያንን ሰው ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በሽታው ስሙ ከመታወቁ በፊት በወባ ስም የተቀበሩ ሰዎች በካላዛር መዝገብ ውስጥ የሉም። ያስታመሟቸው እናቶች፣ የቀበሯቸው ጎረቤቶች ግን ዛሬም ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ ምን እንዳዩ፣ መጀመሪያ ወደ ጠበል ወይስ ወደ ጤና ጣቢያ እንደ ሄዱ፣ ምን ተብለው እንደ ተመለሱ ያስታውሳሉ። የሃያ ዓመት ትዝታ በጥንቃቄ የሚመዘን እንጂ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም፤ ቢሆንም ስለነዚያ ሟቾች ለመመስከር ከእርሱ የቀረበ ማስረጃ የለንም። የመመረቂያ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ አዲስ ዘመን በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ናት፤ ምስክሮቹም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።