የቤት ማቀዝቀዣ በመኖሪያ ተሽከርካሪ ውስጥ፦ ከበረሃ ጉዞ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀቱ ረግቦ ቀዝቃዛው ወቅት ሲገባ ብዙ ቤተሰቦች ከከተማ ወጥተው በበረሃ ወይም በባሕር ዳርቻ መሰንበት ይጀምራሉ። ዐረቦች ይህን ጊዜ «ሺታእ» ይሉታል። መዝገበ ቃላት «ክረምት» ብሎ ይፍታው እንጂ በእኛ አቆጣጠር የሚገጥመው ከበጋ ጋር ስለሆነ፣ ቃሉ አማርኛ ተናጋሪውን ዘወትር ያደናግራል። ለምሳሌ በኩዌት የድንኳን ወቅት በተለምዶ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ይዘልቃል። አንዳንዱ ድንኳን ይተክላል፤ አቅም ያለው ደግሞ በመኪና የሚጎተት ካራቫን ወይም ሞተርና መኝታ ቤት በአንድ ላይ ያለው መኖሪያ ተሽከርካሪ ይዞ ይወጣል።

ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር ከሚጓዙት ሾፌሮችና የቤት ሠራተኞች መካከል በርካታ አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ። የምግቡና የማቀዝቀዣው ጠባቂዎች አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ሥጋው ቢበላሽ ወይም የአዛውንቷ ኢንሱሊን ቢሞቅ በመጀመሪያ የሚጠየቁትም እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ከጠባቂው ሳይሆን ለቆመ ቤት የተሠራ ዕቃ ያለ በቂ ስሌት በተሽከርካሪ ላይ ከመጫኑ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

መኖሪያ ተሽከርካሪዎች በተለምዶ ሁለት ዓይነት ማቀዝቀዣ ይገጠምላቸዋል። አንደኛው ኮምፕረሰር የሌለው፣ በሙቀት ኃይል የሚሠራ ነው። ይህን ዓይነት ማቀዝቀዣ ባልትሳር ፎን ፕላተን እና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1922 ፈለሰፉት። በቱቦዎቹ ውስጥ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን ይዘዋወራሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸውም ትንሽ የጋዝ ነበልባል ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ድምፅ የለውም። ነገር ግን ተሽከርካሪው አዘንብሎ ሲቆም በውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደሚገባው አይወርድም፤ በጋለ አየርም ኃይሉ ይደክማል። ሁለተኛው ኮምፕረሰር ያለው ሆኖ ከ12 ወይም ከ24 ቮልት ባትሪ በቀጥታ የሚሠራ ነው። ለበረሃ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዋጋው ግን ተመሳሳይ ስፋት ካለው የቤት ማቀዝቀዣ እጅግ ይበልጣል።

ቤተሰቦች ወደ ቤት ማቀዝቀዣ የሚያዘነብሉት በዚህ የዋጋ ልዩነት ምክንያት ነው። ሰፊ ነው፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ማንኛውም ጠጋኝ ያውቀዋል። በሰሜን አሜሪካ ትላልቅ መኖሪያ ተሽከርካሪዎችን የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ራሳቸው የቤት ማቀዝቀዣ ይገጥማሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ይሠራል ወይስ አይሠራም» የሚል አይደለም። ጥያቄው «ኤሌክትሪኩን ከየት ያገኛል፣ ለስንት ሰዓትስ ይበቃዋል» የሚል ነው። ተሽከርካሪው የኤሌክትሪክ መስመር በተዘረጋበት መናፈሻ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። መስመር በሌለበት የሚቆም ከሆነ ግን ስሌት ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪኩ ስሌት

በማቀዝቀዣው በር ላይ የሚለጠፈው የኃይል መግለጫ በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ያሳያል። ቁጥሩ 300 ቢሆን ለ365 ቀናት ሲካፈል በቀን 820 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ግን በመመርመሪያ ክፍል ውስጥ የተለካ ነው። ፀሐይ ያጋለው ተሽከርካሪ ውስጥ፣ ልጆች በየደቂቃው ውሃ ፍለጋ በሩን እየከፈቱ፣ 1200 ዋት ሰዓት ብሎ ማሰብ ይሻላል። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተርም የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ፣ ከባትሪው የሚወጣው በቀን ወደ 1400 ዋት ሰዓት ይደርሳል።

አሁን ባትሪውን እንመልከት። ባለ 12 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ 2400 ዋት ሰዓት ይይዛል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ እንዲወርድ አይመከርም፤ ስለዚህ የሚጠቅመው 1200 ያህሉ ነው። ይህም ማቀዝቀዣውን ለ20 ሰዓት ገደማ ያቆየዋል እንጂ ሙሉ ቀን አያደርሰውም። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ከይዞታው 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል ወደ 33 ሰዓት ይሄዳል። ዐርብ ከሰዓት የወጣ ቤተሰብ እሑድ ጠዋት ቁርሱን ከማቀዝቀዣው የሚያገኘው ባትሪው በመሃል ከተሞላ ብቻ ነው። በቀዝቃዛው ወቅት በባሕረ ሰላጤው 400 ዋት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አቧራውንና ሌላውን ብክነት ቀንሶ በቀን 1300 ዋት ሰዓት ያህል ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም የማቀዝቀዣውን ፍጆታ ሊተካ ምንም አይቀረው። መብራቱ፣ ስልኩና የውሃ ፓምፑ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም።

ኢንቨርተር ሲመረጥ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ኮምፕረሰሩ በሥራ ላይ እያለ ከ100 እስከ 150 ዋት ቢፈጅም፣ በሚነሣበት ቅጽበት ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ የበለጠ ኃይል ይስባል። ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር በወረቀት የሚበቃ ይመስላል፤ ኮምፕረሰሩ ሊነሣ ሲል ግን ይጠፋል። ቢያንስ 1000 ዋት፣ ይልቁንም ከዚያ በላይ የሚችል፣ የሚያወጣውም ሞገድ እንደ ከተማው ኤሌክትሪክ ንጹሕ የሆነ ሊመረጥ ይገባል። በርካሹ ዓይነት የሚሠራ ኮምፕረሰር ያጓራል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

እዚህ ላይ የቃል መመሳሰል ያመጣውን ስሕተት ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በማቀዝቀዣው በር ላይ «ኢንቨርተር» የሚል ጽሑፍ ስላዩ ብቻ በባትሪ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። ጽሑፉ የሚገልጸው ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያይር መሆኑን ነው። እንዲህ ያለው ሲነሣ ረጋ ብሎ ስለሆነ ለተሽከርካሪ ይመረጣል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ባትሪውን ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሌላ መሣሪያ ያሻዋል።

ከአገር አገር ለሚሻገሩም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የሳዑዲ ዓረቢያ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ሲሆን የኤምሬትስ፣ የኩዌት፣ የቀጠር፣ የባሕሬንና የዖማን 50 ኸርዝ ነው። ዕቃው ሁለቱንም የሚቀበል መሆኑ ከጀርባው በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይነበባል። የኢትዮጵያም 50 ኸርዝ ስለሆነ ከሳዑዲ ማቀዝቀዣ ገዝቶ ወደ አገር ቤት ለሚልክ ሰው ይኸው ሰሌዳ ይጠቅመዋል።

ሙቀትና ብርድ

ከጀርባ ያለው ሰሌዳ ሌላም ነገር ይናገራል። በላቲን ፊደል የሚጻፍ የአየር ጠባይ ምድብ አለ፤ «ኤን» የተባለው ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» የተባለው ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» የተባለው ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራ የታሰበ ነው። በእነዚህ አገሮች «ቲ» ያለበትን መምረጥ እንደሚገባ ማንም ይገምታል። ያልተለመደው ጥያቄ የታችኛው ቁጥር ነው።

የበረሃ ሌሊት በጥርና በየካቲት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። አንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ማቀዝቀዣ በውጭ ድንኳን ወይም ባልሞቀ ክፍል ሲቀመጥ፣ የታችኛው ክፍል ከአየሩ የተነሣ ቀዝቅዞ ስለሚቆይ ኮምፕረሰሩ የሚነሣበት ምክንያት ያጣል። ኮምፕረሰሩ ካልተነሣ ደግሞ የፍሪዘሩ በረዶ መሟሟት ይጀምራል። ጠዋት ሥጋው ለስልሶ ሲገኝ «ማን አጠፋው» የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ያጠፋው ግን የለም። መፍትሔው ማቀዝቀዣውን ሰው በሚያድርበት ክፍል ማኖር ነው።

ቀን ቀን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማቀዝቀዣ ከውስጡ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው ወይም በጎኖቹ ይተፋል፤ በጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ታፍኖ ከተገጠመ የተፋውን መልሶ ይቀበላል። አምራቹ በመመሪያው የጻፈውን ክፍተት መተውና ለሞቀው አየር ከላይ መውጫ ማበጀት ግዴታ ነው። ሲቆምም ማቀዝቀዣው ያለበት ግድግዳ ለከሰዓት ፀሐይ ባይጋለጥ ፍጆታው በግልጽ ይቀንሳል። የአሸዋ ነፋስ ከነፈሰ በኋላ የጀርባውን ቱቦዎች፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይገባል። ፍሪዘሩ የጋገረውን በረዶ በቢላዋ መፈርፈር ግን አደጋ አለው፤ ዛሬ በብዙ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚዘዋወረው አይሶቡቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው።

አተካከሉን በሚመለከት ዋናው ነገር ከታችም ከላይም ከተሽከርካሪው አካል ጋር መታሰሩ ነው። የቤት ማቀዝቀዣ በር የሚዘጋው በማግኔት ብቻ ስለሆነ በመጀመሪያው ኩርባ ይከፈታል፤ መቀርቀሪያ ይጨመርለት። የመስታወት መደርደሪያዎቹ በጉዞ ጊዜ ይታሰሩ ወይም ይውጡ። ወደ ተሽከርካሪው ሲገባ ተጋድሞ ከነበረ፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ለጥቂት ሰዓታት ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ይለኮሳል።

ምግብና መድኃኒት

ማቀዝቀዣው ከጉዞው 24 ሰዓት አስቀድሞ በከተማ ኤሌክትሪክ መቀዝቀዝ አለበት። ባትሪ የቀዘቀዘውን እንዳይሞቅ ለመጠበቅ እንጂ የሞቀውን ለማቀዝቀዝ ቢውል ቶሎ ያልቃል። ትኩስ ወጥ ወይም ሩዝ አይገባበትም። ባዶ ቦታው በረዶ በሆኑ የውሃ ጠርሙሶች ቢሞላ ኃይል ሲቋረጥ ቅዝቃዜውን ያቆያሉ፤ ሲቀልጡም ይጠጣሉ። በመቆጣጠሪያው ላይ ያሉት ከ1 እስከ 5 ወይም እስከ 7 የሚሄዱ ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። «5» ላይ ሲደረግ 5 ዲግሪ የሆነ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነተኛውን ለማወቅ ርካሽ ቴርሞሜትር ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ በመካከለኛው መደርደሪያ ማሳደር ይበቃል። ከ4 ዲግሪ በላይ ሊሆን አይገባም።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሩ ካልተከፈተ የታችኛው ክፍል 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከማቀዝቀዣ ውጪ የዋለ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ ሊጣል ይገባል። ሽታውን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ሆድ የሚያሳምመው ተሐዋስ ብዙ ጊዜ አይሸትም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቦታ ነው። ከፍሪዘሩ ሥር ወይም ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከበረደ ጥቅም የለውም፤ ቢቀልጥም ተመልሶ አያገለግልም።

ጄኔሬተሩ

ባትሪው ሲያልቅ የሚነሣው ጄኔሬተር ነው፤ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ከባዱ ክፍልም እርሱ ነው። ምግብ ቢበላሽ ይጣላል። ጄኔሬተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሰው የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው፤ ስለዚህ ብርድ በበረታ ሌሊት የቡናውን ከሰል ወደ ካራቫን ወይም ወደ ድንኳን አስገብቶ መተኛትም እኩል አደገኛ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል።

ጄኔሬተር ከማንኛውም መስኮት፣ በርና ድንኳን ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ፣ ጭሱም ነፋሱ ወደማይመልሰው አቅጣጫ መዞር አለበት። ሲሰፈር የቤተሰቡ መኝታ ከጫጫታው ርቆ የሾፌሩ ወይም የሠራተኛዋ ትንሽ ድንኳን ከኩሽናውና ከጄኔሬተሩ አጠገብ የሚተከልበት ጊዜ አለ። ይህን ማንሣት መብት ብቻ ሳይሆን ሕይወት ማትረፍ ነው። ጋዙ በዐረብኛ «አወል ኡክሲድ አልካርቡን» ይባላል፤ ለአሠሪ ለማስረዳት ይህ ስም ይበቃል። በባትሪ የሚሠራ የጋዙ ጠቋሚ ደወል በመኝታው ክፍል ቢሰቀል ይመረጣል። ሰው ራሱን ከሳተ በቅድሚያ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ መደወል ያስፈልጋል፦ በኤምሬትስ 998፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በኩዌት 112፣ በቀጠርና በባሕሬን 999፣ በዖማን 9999።

ከጉዞ መልስ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ የሚቆይ ከሆነ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሻጋታ እንዳያበቅል በሩ ገርበብ ብሎ ይተዋል። ሕፃናት ባሉበት ግቢ ከሆነ ግን ተጨማሪ የተገጠመው መቀርቀሪያ ይፈታ፤ የተሽከርካሪውም በር ይቆለፍ።