ከወረቀት ወደ ግድግዳ፦ የራፋኤል ንድፍና የጠቆረው ወረቀት

ሚላኖ ከተማ በሚገኘው አምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ንድፍ አለ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ85፣ ወርዱ ከ8 ሜትር በላይ ነው። ከ200 በላይ ወረቀቶች ተጣብቀው ነው የተሠራው። ፕላቶንና አርስቶትልን መሃል ያደረጉ የጥንት ፈላስፎች በከሰል ተነድፈውበታል። ነዳፊው ራፋኤል ሲሆን፣ ሥራው ከ1509 እስከ 1511 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቫቲካን ውስጥ ለሣለው የግድግዳ ሥዕል፣ ለ«የአቴና ትምህርት ቤት»፣ መነሻ የሆነው ንድፍ ነው።

ይህ ወረቀት እስከ ዛሬ መቆየቱ ያስገርማል። በዚያ ዘመን የግድግዳ ሥዕል የሚሣለው ልስኑ ሳይደርቅ ነበር። ሠዓሊው በአንድ ቀን ሊጨርሰው የሚችለውን ቦታ ብቻ ያስለስናል፤ ቀለሙ ከልስኑ ጋር አብሮ እንዲደርቅ በሰዓታት ውስጥ መጨረስ አለበት። እርጥብ ግድግዳ ፊት ቆሞ «እጁን የት ላድርገው?» እያለ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ንድፉ አስቀድሞ በሥዕሉ ልክ ወረቀት ላይ ያልቃል። ከዚያ የምስሎቹ ጠርዝ በመርፌ ይበሳሳል፤ ወረቀቱ ልስኑ ላይ ይለጠፍና የከሰል ዱቄት በቋጠረ ጨርቅ መታ መታ ይደረጋል። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ግድግዳው ላይ የነጠብጣብ መስመር ይተዋል። ሌላው መንገድ ወረቀቱን በሹል ነገር እየተጫኑ ለስላሳው ልስን ላይ መስመር ማውጣት ነው። ሚኬላንጄሎ በሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ በሁለቱም ተጠቅሟል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ወረቀቱ በየቀኑ ሥራ ልክ ይቆራረጣል፣ ይርሳል፣ በከሰል ይበከላል፤ በመጨረሻም ይጣላል።

የራፋኤል ንድፍ ግን አልተቆራረጠም። ቀረብ ብሎ ያየው ሰው በፈላስፎቹ ፊትና በልብሳቸው እጥፋት ዙሪያ የመርፌ ቀዳዳዎችን ያገኛል፤ መበሳቱንስ ተበስቷል። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ራፋኤል ሲበሳው ከሥሩ ሌላ ወረቀት አንጥፎ ነበር። ግድግዳው ላይ ወጥቶ የተቆራረጠው ያ ከሥር የነበረው ወረቀት ነው፤ ዋናው ንድፍ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ንድፉን ከቫቲካኑ ሥዕል ጋር ለሚያስተያይ ሌላም ነገር ይታያል። ከፊት ለፊት፣ ደረጃው ሥር፣ በክንዱ ተደግፎ የሚተክዘው ሄራክሊቶስ ወረቀቱ ላይ የለም። ራፋኤል ሌላው ሥራ ካለቀ በኋላ እዚያ ቦታ አዲስ ልስን አስለስኖ ነው የጨመረው፤ ብዙዎች መልኩ የሚኬላንጄሎ ነው ይላሉ። ንድፉ ባይተርፍ ኖሮ ታላቁ ሠዓሊ በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቡን መለወጡን ይህን ያህል በግልጽ ባላየን ነበር። ንድፉን በ1796 የናፖሊዮን ሰዎች ወደ ፓሪስ ወስደውት በ1815 ተመልሷል። ከዓመታት ጥገና በኋላም በ2019 ለሕዝብ ዳግም ቀርቧል።

ለእንጨት ሠሌዳ ሥዕል ደግሞ ከዚህ የቀለለ ዘዴ ነበር። ጆርጆ ቫዛሪ በ1550 ለመጀመሪያ ጊዜ ባሳተመው የሠዓልያን ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ስለ አሠራሩ ጽፏል፦ በንድፉና በሠሌዳው መካከል አንድ ፊቱ የጠቆረ ሌላ ወረቀት ይገባል፤ በብረት ወይም በዝሆን ጥርስ ሹል መሣሪያ የንድፉን መስመር ሲከተሉት ከሥር ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ንድፉም አይበላሽም። ዛሬ በሥዕል ዕቃ መደብር የሚሸጠው የግራፋይት ማስተላለፊያ ወረቀት ከዚህ አሠራር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማጥቆሪያው ብቻ ነው። ንጹሑ ግራፋይት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ቦሮዴል ተራሮች ከተገኘ በኋላ እጅግ ተፈላጊ ሆነ፤ የመድፍ ጥይት ቅርጽ ማውጫ ውስጡ ይለበጥበት ስለነበር በ1752 ስርቆቱ ከባድ ወንጀል እንዲሆን በፓርላማ ተደነገገ። በ1795 ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ እየተኮሰ ጠንካራና ለስላሳ እርሳሶችን እንደ ፍላጎቱ መሥራት ቻለ።

በደረሰኝ መካከል የምናውቀው የካርቦን ወረቀት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እንግሊዛዊው ራልፍ ዌጅዉድ በ1806 የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብበት ዋና ሐሳቡ ዓይነ ስውራን እንዲጽፉ መርዳት ነበር። መልካም ፈጠራ ነው፤ ለሥዕል ግን አልመክረውም። የቢሮ ካርቦን ቅባትና ሰም ስላለው የውሃ ቀለም አያስይዝም፣ በላጲስ አይለቅም፣ በላዩ በተቀባው ቀለም ውስጥም ዘልቆ ሊወጣ ይችላል። ሰም የሌለው ግራፋይት ግን እንደ ማንኛውም የእርሳስ መስመር ይጠፋል።

መደብር መሄድም ግድ አይደለም። ስስ ወረቀት አንድ ፊቱን በ6ቢ እርሳስ ደጋግሞ ማጥቆር፣ አልኮል በነካ ጥጥ ማዳረስና ማድረቅ በቂ ነው። የጠቆረው ፊት ወደ ሸራው ወይም ወደ እንጨቱ ይሁን፤ ንድፉ ከላይ በፕላስተር ይያዝ። በቀይ እስክሪብቶ ብትከተሉት የት እንደደረሳችሁ ይታያችኋል። በኃይል አትጫኑ፤ ጭነት ወረቀቱን ያጎደጉደዋል። ፕላስተሩን ሙሉ በሙሉ ከማንሳታችሁ በፊት አንዱን ጥግ ገልጣችሁ የቀረ መስመር መኖሩን እዩ።

«ማስተላለፍ ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሌላ ሰው ሥዕል አንስቶ የራስ ማስመሰል ነውር ነው፤ ራፋኤል ያስተላለፈው ግን ራሱ ደክሞ የነደፈውን ነው። የሥዕል መምህራን ይህን ዘዴ ለተማሪዎቻቸው ያለ እፍረት ያስተምሩ፤ ተማሪዎቹም የነደፉትን ወረቀት ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡት።