የባግዳዱ ሰውዬ ሕልም እና የኮኤልሆ እረኛ

«ዘ አልኬሚስት»ን መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው። ከመጽሐፍ አዟሪ የገዛሁት ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ከእኔ በፊት ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ አልፏል። በምን አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። ኅዳጉ ላይ ሁለት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አለ። አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገጽ በገጽ እያሰመረ «እውነት!»፣ «ይቺ ለእኔ ናት» ይላል። ሌላው በእርሳስ ነው። እርሳሱ አያሰምርም፤ ይጠይቃል። ሰው አንድን ነገር ከልቡ ከፈለገ ዓለም በሙሉ ያግዘዋል የሚለው ዝነኛ ሐሳብ ጋ ሲደርስ «እስቲ ይህን ለእናቴ ንገራት» ብሎ ጽፎ አልፏል።

እኔ ያኔ የሰማያዊው ወገን ነበርኩ። እርሳሱ ምቀኛ መስሎኝ በላጲስ ላጠፋው ሁሉ ዳድቶኝ ነበር።

ይህ ጠብ ታዲያ የእኔ ቅጂ ላይ ብቻ ያለ አይደለም። መጽሐፉ ከ80 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ በሄደበት ሁሉ አንባቢን ለሁለት ይከፍላል። አንዱ «ሕይወቴን የቀየረ መጽሐፍ» ሲል ሌላው «በስኳር የተለወሰ ምክር» ይለዋል። መሀል ላይ የቆመ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በገዛ አገሩ በብራዚል ሃያሲያኑ ለዓመታት ሲያጣጥሉት ኖረዋል፤ ይሁንና በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ አባል አድርጎ መረጠው። ፓውሎ ኮኤልሆም ቢሆን ዝም የሚል ሰው አይደለም። በ2012 ለአንድ የብራዚል ጋዜጣ ሲናገር የጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ» ሥነ ጽሑፍን ከጎዱ መጻሕፍት አንዱ ነው አለና ሌላ ጠብ አስነሣ። (እኔ «ዩሊሲስ»ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ፤ በዚህ ጠብ ውስጥ አፍ የለኝም።)

ሰውየው ይህን «ከልብህ ፈልግ» የሚለውን ሕግ ከየት አመጣው? በ1947 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተወለደ። ጸሐፊ እሆናለሁ ያለውን ልጅ ወላጆቹ በ17 ዓመቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገቡት፤ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከሮክ ዘፋኙ ከራውል ሴይሻስ ጋር የዘፈን ግጥም ጻፈ። በ1974 የወታደሩ መንግሥት አሰረው። በ1986 በስፔን የሚገኘውን የሳንቲያጎ የተሳላሚዎች መንገድ በእግሩ ሄደ፤ በ1988 «ዘ አልኬሚስት» ወጣ። መጀመሪያ ያሳተመው ትንሽ ማተሚያ ቤት 900 ቅጂ አትሞ፣ አይሸጥም ብሎ መብቱን መለሰለት። ሌላ አሳታሚ ወሰደው፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ኑሮ የኖረ ሰው ዓለም ያግዝሃል ብሎ ቢያምን አይገርመኝም፤ ለእሱ ሆኖለታል። ከልባቸው ፈልገው ያልሆነላቸው ግን መጽሐፍ አይጽፉም፤ ቢጽፉም 900ው ላይ ይቀራሉ።

ተረቱ ግን የኮኤልሆ አይደለም። ሺህ ዓመት ያለፈው ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቃዲ አል-ታኑኪ፣ ከችግር በኋላ ስለሚመጣ እፎይታ ባሰባሰበው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀላሉዲን ሩሚ በ«መስነዊ» ተረከው፤ «አንድ ሺህ ከአንድ ሌሊት» ውስጥም ገባ። የባግዳድ ሰው ነው። ሀብቱን ጨርሶ ደህይቷል። በሕልሙ «ሲሳይህ ግብፅ ነው» ይባላል። ተነሥቶ ካይሮ ይሄዳል፤ መስጊድ ውስጥ ያድራል፤ ሌሊት ጎረቤት ሌባ ይገባና እሱን ይዘው እስኪበቃው ይገርፉታል። የከተማው ሹም ምን ልታደርግ መጣህ ሲለው እውነቱን ይናገራል። ሹሙ ይስቅበታል፤ «አንተ ሞኝ! እኔ ሦስት ጊዜ ባግዳድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት፣ እንዲህ ያለ ፏፏቴ፣ ከሥሩ የተቀበረ ገንዘብ በሕልሜ አይቼ መቼ ሄድኩ?» ይለዋል። የስንቅ ገንዘብ ሰጥቶም ወደ አገሩ ይሸኘዋል። ሹሙ የነገረው ቤት የራሱ የሰውየው ቤት ነው። ይሄዳል፣ ይቆፍራል፣ ያገኛል።

አርጀንቲናዊው ቦርኼስ በ1935 ይህንኑ ከ«አንድ ሺህ ከአንድ ሌሊት» ወስዶ በስፓኒሽ አሳተመው። የክራኮቭ አይሁዶች የራሳቸው አላቸው፤ ድሃው ይስሐቅ ወደ ፕራግ ድልድይ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ከምድጃው ሥር ባገኘው ሀብት በ1644 የተከፈተውንና ዛሬም ቆሞ ያለውን ምኩራብ አሠራ ይላሉ። የእንግሊዞቹ የስዋፍሃም ነጋዴ ደግሞ ለንደን ድልድይ ደርሶ ተመለሰና ቤተ ክርስቲያን አሳደሰ። እነዚህ ሁለቱ ያገኙትን ለሰፈራቸው ነው ያዋሉት። የኮኤልሆ እረኛ የሀብቱን አንድ አሥረኛ ለሕልም ፈቺዋ ከፍሎ ወደ ፍቅረኛው ሊሄድ ያስባል። በዚህ አልፈርድበትም፤ ልጅ ነው።

የምፈርድበት ሌላ ነገር ላይ ነው። በድሮው ተረት ሰውየው ገንዘቡን ያገኘው ከልቡ ስለፈለገ ነው የሚል የለም። ድሃ ነበር፣ ተገረፈ፣ ፈጣሪ ሰጠው። ሹሙም ባለመሄዱ ይሳቅበታል እንጂ አይኮነንም፤ እንዲያውም ስንቅ የሰጠው እሱ ነው። ኮኤልሆ ሕጉን ሲጨምር ግን ያልሄደ ሁሉ ጥፋተኛ ሆነ። መካ የመሄድ ምኞቱን ይዞ ሱቁ ውስጥ የቀረው የክሪስታል ነጋዴ አለ። ዳቦ መጋገር የመረጠው ሰው አለ። መንገዱ የወንዱ ሆኖ፣ የእሷ ድርሻ በረሃ ላይ ቆሞ መጠበቅ የሆነባት ፋጢማ አለች፤ ያኔ እንዴት እንዳላናደደችኝ ዛሬ ይገርመኛል።

ሰማያዊው እስክሪብቶ ተሳስቷል እያልኩ አይደለም። የዶርሜ ልጅ ያንን ቅጂ በአንድ ሌሊት ጨርሳ፣ በሳምንቱ የጠላችውን የትምህርት ክፍል ለመቀየር አመለከተች፤ ተፈቀደላት፤ አሁን የምትወደውን ትሠራለች። ያ ሕግ ባይኖር የባግዳዱ ተረት ብቻውን ያስነሣት ነበር ብዬ አላስብም።

እናቴ ደግሞ ነርስ መሆን ከልቧ ትፈልግ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሞቱ፤ ታናናሾቿን ለማሳደግ ሱቅ ገባች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። የሷ ፍላጎት ከፓውሎ ኮኤልሆ ፍላጎት ያነሰ ነበር ብሎ የሚነግረኝ ካለ ይምጣ።

ባለፈው ሰሞን ሱቅ ቁጭ ብዬ የባግዳዱን ተረት ነገርኳት፤ መጽሐፉን ሳይሆን የድሮውን። ስኳር እየመዘነች ሰማችኝ። ስጨርስ፣

«ሹሙስ?» አለች።

«የቱ ሹም?»

«ሕልሙን አይቶ ያልሄደው ነዋ። ልጆች ነበሩት?»

ተረቱ ስለሱ የሚለው ነገር የለም፣ አልኳት። «ይኖሩታል» አለችና ስኳሩን ለልጁ አቀበለችው።